የጊታር ሂሮ ጊታር ለመቀባት፦ ስፕሬይ፣ የመኪና ቀለም ወይስ ቪኒል?

ጊታር ሂሮ የሚባለው የቪዲዮ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2005 ለፕሌይስቴሽን 2 ሲወጣ መጫወቻ የሚሆን ባለቁልፍ የፕላስቲክ ጊታር ይዞ መጣ። በ2007 ሮክ ባንድ የሚባለው ተመሳሳይ ጨዋታ ተከተለው። ለጥቂት ዓመታት ነገሩ ጦፈ። ከዚያ ቀዘቀዘና በ2011 የጨዋታው አሳታሚ አክቲቪዥን የጊታር ሂሮ ክፍሉን ዘጋ። ጊታሮቹ ግን የትም አልሄዱም። አሜሪካ ያላችሁ ጋራዥ ሴልና አሮጌ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ አሁንም ታገኟቸዋላችሁ። ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ተመሳሳዩ ነፃ ጨዋታ ክሎን ሂሮ ደግሞ እንደገና ተፈላጊ አድርጓቸዋል።

የምታገኙት ጊታር ብዙ ጊዜ የተጫረ ነው። ወይም የቀድሞ ባለቤቱ ልጅ ስቲከር ለጥፎበት፣ ስቲከሩ ተልጦ ሙጫው ቀርቷል። “ለምን አልቀባውም?” የሚለው ሐሳብ የሚመጣው ያኔ ነው።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ ከለር ይመርጣል። እኔ ግን ሁለት ነገር አስቀድሙ እላለሁ። ቀለሙን የምትረጩት የት ነው? ጊታሩ ላይስ እጃችሁ የሚያርፈው የት የት ነው? የምርጫው ግማሽ እዚያ ያልቃል። አፓርታማ ውስጥ የሚኖር ሰውና ጓሮ ያለው ሰው አንድ ዓይነት ቀለም መግዛት የለባቸውም። የጊታሩ ሆድና አንገቱም አንድ ዓይነት ቀለም አይችሉም።

የትኛውን ጊታር?

ገና ካልገዛችሁ ለመቀባት የሚመቸው ከጊታር ሂሮ 3 ጋር በ2007 የወጣው ሌስ ፖል ነው። የፊት ሽፋኑ ተነቅሎ ይወጣል። ሲሠራም ሽፋኑ እንዲቀያየር ታስቦ ነው። ስለዚህ ሌላውን ሳትፈቱ ሽፋኑን ብቻ ቀብታችሁ መመለስ ትችላላችሁ። ካልወደዳችሁት ሌላ ሽፋን ፈልጋችሁ ትገጥማላችሁ። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ የለም።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለው። የዚህ ጊታር አንገት ከሆዱ ይለያል። መጋጠሚያው ላይ ትንንሽ የብረት መነካኪያዎች አሉ፤ የአምስቱ ቁልፎች ትእዛዝ የሚያልፈው በእነሱ በኩል ነው። ቀለም ሳይነካቸውም ቢሆን እነዚህ ጊታሮች በዚህ ቦታ የታወቀ ሕመም አላቸው። የስፕሬይ ብናኝ ካረፈባቸው ደግሞ ዘፈን መሃል ቁልፉ መሥራት ያቆማል። በወረቀት ፕላስተር በደንብ ሸፍኗቸው።

ለኤክስቦክስ 360 የመጣው ነጩ ኤክስፕሎረር ሌላ ታሪክ ነው። ባለገመድ ስለሆነ በዩኤስቢ ኮምፒውተር ላይ ይሰካል። የክሎን ሂሮ ተጫዋቾች በጣም ይፈልጉታል። ንጹሕ ኤክስፕሎረር በእጃችሁ ካለ አትቀቡት። እንደ ፋብሪካው ሆኖ የቆየ ዕቃ የሚሰበስብ ሰው የተቀባውን በዚያ ዋጋ አይገዛችሁም። የቆሸሸና የተቧጨረ ከሆነ ግን ወደኋላ አትበሉ። ሰፊና ማዕዘናማ ገጽ ስላለው ቀለም ያምርበታል።

የሮክ ባንዱ ስትራቶካስተር መካከለኛ ነው። ቁልፎቹ አንገቱ ላይ ዝርግ ብለው የተቀመጡ ናቸው። በየቁልፉ ዙሪያ ያለው ክፍተት ጠባብ ስለሆነ ቀለም ከገባበት ቁልፉ ይያዛል። ሆዱን ብቻ ከቀባችሁ ችግር የለም። በ2024 የወጣውን ሪፍማስተር የመሰለ አዲስ ጊታር ከሆነ ግን ዋስትናው እስኪያልቅ ጠብቁ። መፍታቱ ብቻ ዋስትና ሊያሳጣችሁ ይችላል።

ለሁሉም የሚሆነው ዝግጅት

ይህን ክፍል ማንም አይወደውም፤ ስለዚህ በአጭሩ። ጊታሩን ፍቱ። ብሎኖቹ ሁሉ በተራ ካቻቢቴ አይፈቱም፤ አንዳንዶቹ ኮከብ ቅርጽ ያላቸው ናቸው። ጨርሳችሁ እንቢ ካለ ስቲከር ሥር የተደበቀ ብሎን ፈልጉ፤ በጉልበት አትገንጥሉት። ስትፈቱ እያንዳንዱን ደረጃ በስልክ ፎቶ አንሱ።

ከዚያ የፕላስቲክ ክፍሎቹን ብቻ በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙናና ለብ ባለ ውኃ እጠቡ። የእጅ ወዝ ካለበት ቀለም አይይዝም። ሲደርቅ በአይሶፕሮፒል አልኮል ጥረጉት። አሴቶን ግን አይንካው። የእነዚህ ጊታሮች አካል በአብዛኛው ኤቢኤስ የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ አሴቶን ኤቢኤስን ያሟሟዋል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያም ብዙ ጊዜ አሴቶን ነው። የስቲከር ሙጫ ለማስለቀቅ ብላችሁ እሱን ካፈሰሳችሁበት የጊታሩ ፊት ይላቆጣል።

ቀጥሎ ብርጭቆ ወረቀት። በ400 ቁጥር ጀምራችሁ በ600 ጨርሱ፤ ውኃ እያስነካችሁ ፈግፍጉት። የምትፈልጉት ፕላስቲኩ አብረቅራቂነቱ እንዲጠፋ እንጂ እንዲቀንስ አይደለም። ገጹ ሁሉ እኩል ከደበዘዘ በቂ ነው። የሚያብረቀርቅ ነጥብ የቀረበት ቦታ ቀለሙ መጀመሪያ የሚላጥበት ቦታ ነው።

ቪኒል፣ ማለትም ሙጫ ያለው ስስ የፕላስቲክ ሽፋን፣ የምትለጥፉ ከሆነ ብርጭቆ ወረቀቱን እርሱት። ማጠቡና በአልኮል መጥረጉ ይበቃል።

ተራ ስፕሬይ

ብዙ ሰው የሚገዛው ይህን ነው። ጥሩ ምርጫም ነው፤ ግን ሁለት ዓይነት ስፕሬይ አለ። ልዩነቱን ሳያዩ ገዝተው የሚናደዱ ብዙ ናቸው።

አንደኛው አክሪሊክ ላከር ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ለእጅ ይደርቃል። ቀጭን ነው። በላዩ ላይ ሌላ ከለር ቶሎ መድገም ይቻላል። ሁለተኛው ኢናሜል ነው። ጥሩ አብረቅራቂ ይሆናል፤ አሸፋፈኑም ወፍራም ነው። ግን አደራረቁ ዘገምተኛ ነው። ሲነኩት የደረቀ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። ጊታር ደግሞ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሥዕል አይደለም፤ ክንድ ያርፍበታል፣ ላብ ይነካዋል። ስለዚህ በእኔ ምርጫ ላከር ያሸንፋል። ኢናሜል የምመክረው አንድ ከለር ብቻ ለሚቀባና ሁለት ሳምንት ለመጠበቅ ትዕግሥት ላለው ሰው ነው።

ሁለቱን ስታቀላቅሉ ተጠንቀቁ። በደረቀ ላከር ላይ ኢናሜል ይሄዳል። በኢናሜል ላይ ላከር ስትረጩ ግን ሥር ያለው ቀለም ተሸብሽቦ ይነሳል። የላከሩ ቲነር ይበላዋል። ይኸው ቲነር ፕላስቲኩንም ሊበላው ይችላል፤ የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ስስ መሆን ያለባቸው ለዚህ ነው። ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቃችሁ፣ ከጊታሩ ውጭ መርጨት ጀምራችሁ ከጊታሩ ውጭ አቁሙ። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ፕላስቲኩ አሁንም ቢታይ አትደንግጡ፤ መታየት አለበት። አንድ ወፍራም ዙር ይንጠባጠባል፣ አራት ስስ ዙር ግን መስታወት ይመስላል።

“ለፕላስቲክ” ተብሎ የሚሸጥ፣ ያለ ፕራይመር (ቀለሙ እንዲይዝ መጀመሪያ ከሚረጨው) የሚሄድ ስፕሬይም አለ። ለሽፋኑ ብቻ ከሆነ ይሠራል። ለሙሉ ጊታር ግን ለብቻው የተረጨ የፕላስቲክ ፕራይመር እመርጣለሁ። በተለይ ጥቁሩን ጊታር ነጭ ወይም ቢጫ ልታደርጉት ካሰባችሁ ነጭ ፕራይመር ብዙ ቀለም ያተርፍላችኋል።

ወሳኙ ነገር አየሩ ነው። ዋሽንግተንና ሜሪላንድ ያላችሁ የሐምሌን እርጥበት ታውቁታላችሁ። እንዲህ ባለ ቀን የተረጨ ላከርና ክሊር (በመጨረሻ ላዩ ላይ የሚደረበው ከለር የሌለው መከላከያ) ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። ጥሩ ደረቅ ቀን ጠብቃችሁ ስስ ዙር ብትደግሙበት ብዙ ጊዜ ይጠራል፤ መጀመሪያውኑ አለመርጨት ግን ይሻላል። አዲስ አበባም ክረምት ላይ ያው ነው። በጋ ላይ ደግሞ ችግሩ አቧራው ነው።

ስለ ክሮም ስፕሬይ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ቆርቆሮው ክዳን ላይ መስታወት የመሰለ ነገር ታያላችሁ። ስትረጩት እውነትም ያበራል። ከዚያ ክሊር ሲደረብበት ወደ ግራጫነት ይደበዝዛል። ክሊር ካልደረባችሁበት ደግሞ እጃችሁ ላይ ይወጣል። እጅ ለሚነካው ዕቃ አይሆንም። ነጥብ።

የመኪና ቀለምና ባለሁለት አካሉ ክሊር

ጥንካሬ ከሆነ የምትፈልጉት የሚደርስበት የለም። 2ኬ የሚባለው ክሊር ከሃርድነር፣ ከማጠንከሪያው ጋር ተቀላቅሎ በኬሚካል ይጠነክራል። ላብና አልኮል አይበግረውም፤ ጥፍርም ቶሎ አይጭረውም። በስፕሬይ ቆርቆሮም ይሸጣል። ከሥሩ ያለችውን ቁልፍ ስትጫኑ ሃርድነሩ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ ቆርቆሮው ውስጥ መጠንከር ይጀምራል። ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሁለት ቀን በላይ አይቆይላችሁም። ዋጋውም ከተራው ሁለት ሦስት እጥፍ ነው። ስለዚህ አንድ ሽፋን ብቻ ለመቀባት መክፈት ያስቆጫል። ሁለት ሦስት ጊታር ያላቸው ጓደኞች ቢያዋጡ ያዋጣል።

ግን አደጋው እውነተኛ ነው። ሃርድነሩ ውስጥ አይሶሳያኔት አለ። ይህ ኬሚካል የመተንፈሻ አካልን አስቆጥቶ አስም ሊያመጣ ይችላል፤ አንዴ ሰውነት ከተቆጣበት በኋላ በትንሹም ይነሳል። የኮቪድ ጊዜ ማስክ ለዚህ ምንም አያደርግም። ለኬሚካል ትነት የተሠራ ማጣሪያ ያለው ማስክ፣ ጓንት፣ መነጽርና ክፍት ቦታ ያስፈልጋል። ባለሙያዎቹ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚመጣላቸውን ማስክ ነው የሚያደርጉት። ባልኮኒ ላይ፣ ቤዝመንት ውስጥ፣ ልጆች ባሉበት ቤት አትሞክሩት። አስም ያለበት ሰው ከነጭራሹ ይተወው።

አዲስ አበባ ላላችሁ ጥሩ መውጫ አለ። መኪና የሚቀባ ጋራዥ ውሰዱት። ፓራውልት የሚቀባ ባለሙያ ፕላስቲክ እንዴት እንደሚያዝ ያውቃል፤ እንዲያውም የብዙ መኪኖች ፓራውልት ከኤቢኤስ ይልቅ ቀለም አልቀበል የሚል ፕላስቲክ ነው። ለሌላ መኪና ሲረጭ ጊታራችሁን አብሮ ቢያካትተው ወጪው ይቀንሳል፣ ከለሩም በኮድ ይቀመምላችኋል። ስትሰጡት ሁለት ነገር ንገሩት። ፕላስቲክ መሆኑንና ስስ አድርጎ እንዲረጭ። ሽቦና ቦርዱን ቤት አስቀሩ፤ ባዶውን ቅርፊት ብቻ ስጡት።

ቪኒል፣ ማርከርና ሌሎች

አፓርታማ ውስጥ ካላችሁ መልሴ አጭር ነው፤ ቪኒል። ሽታ የለውም፣ ማስክ አይፈልግም፣ ካስጠላችሁ ትልጡታላችሁ። መኪና የሚለበስበት ዓይነት ቪኒል በፀጉር ማድረቂያ ሲሞቅ ይለጠጣል። የሌስ ፖሉ ፊት ላይ እንደተቀባ ሆኖ ይቀመጣል። የሚያስቸግረው ጎኑ ነው። ገባ ያለው ማዕዘን ላይ ቪኒሉን ከልክ በላይ ከወጠራችሁት ከሳምንት በኋላ ራሱን ይሰበስብና ጫፉ ይነሳል። መፍትሔው ፊቱን ቪኒል አድርጎ ጎኑን ጥቁር መተው ነው። እውነተኛ ጊታሮችም ፊታቸው አንድ፣ ጎናቸው ሌላ ከለር የሆኑ ሞልተዋል።

የአክሪሊክ ማርከር የእጅ ሥዕል ለሚችል ሰው ነው። ሐረግ፣ ፊደል፣ የጥልፍ ጥለት፣ የፈለጋችሁትን መሣል ትችላላችሁ። በስፕሬይ ይህን ማድረግ አይታሰብም። ብቻውን ግን ይፋቃል፤ ላዩ ላይ ክሊር ይፈልጋል። ክሊሩን ስትረጩ የመጀመሪያው ዙር ጤዛ ያህል ይሁን፤ ካረጠባችሁት መስመሩ ይፈሳል።

ውኃ ላይ በሚንሳፈፍ ፊልም የሚነከረው ዓይነት ቪዲዮ ላይ ያምራል። ቤት ውስጥ ግን ጊታር የሚያህል ዕቃ የሚያስገባ ገንዳ ማን አለው? በላዩ ላይ ያው ክሊር ያስፈልገዋል። አልፌዋለሁ።

ዲዛይኑም ቀለሙን ይመርጣል

የሮክ ጊታሪስቱን የኤዲ ቫን ሄለንን ባለመስመር ጊታር፣ ፍራንከንስትራትን፣ ብዙ ሰው ፕላስቲክ ጊታሩ ላይ ይሞክረዋል። ምክንያትም አለው፤ በ2009 በስሙ ጊታር ሂሮ ወጥቶለታል። እሱ ያደረገው ቀላል ነገር ነው። ጥቁር ቀባ፣ ፕላስተር ለጠፈ፣ ነጭ ረጨበት፣ ፕላስተሩን አነሳ። ጥቁርና ነጭ ሆነ። በ1979 እንደገና ፕላስተር ለጥፎ የብስክሌት ቀይ ቀለም ረጨበት።

ይህን በፕላስቲክ ስትሠሩ ሦስት ከለር በላይ በላዩ ይቀመጣል። ሥሩ ፕራይመር፣ ላዩ ክሊር አለ። በኢናሜል ከሞከራችሁት በየከለሩ መካከል ቀናት መጠበቅ አለባችሁ። ካልጠበቃችሁ ፕላስተሩ ሥር ያለውን ቀለም ይዞ ይነሳል። በላከር ግን ተዘጋጅታችሁ ከጀመራችሁ ጥቂት ቀን ይበቃል። ፕላስተሩን ስትለጥፉ ጠርዙን በጥፍራችሁ ጫኑት። ስታነሱ ወደ ራሱ አጥፋችሁ በዝግታ ሳቡት፤ ወደ ላይ አትገንጥሉት። በመስመሮቹ ጠርዝ ላይ ትንሽ ጉብታ ይቀራል። ክሊሩ ከደረቀ በኋላ በ1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ውኃ እያስነካችሁ ቀስ ብላችሁ አስተካክሉትና የመጨረሻ ክሊር ድገሙ።

መሃሉ ቢጫ፣ ጠርዙ ጥቁር ቡናማ ሆኖ የሚደበዝዘው የጊብሰን ዓይነት ከለር ደግሞ በቪኒል የሚመጣው ታትሞ ከሆነ ብቻ ነው። በስፕሬይ ሲሠራ ቢጫው መጀመሪያ ነው። ቡናማውን ስትረጩ ቆርቆሮውን ወደ ውጭ አዘንብላችሁ፣ ጠርዙን ብቻ እየጨረፋችሁ ሂዱ። ይህ ልምምድ ይፈልጋል። መጀመሪያ ካርቶን ላይ ሞክሩት።

የማይቀቡት ቦታዎች

የአንገቱን ጀርባ አትቀቡ። በየትኛውም ቀለም። አውራ ጣታችሁ ቀኑን ሙሉ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሰው እዚያ ነው። ተራ ክሊር በላብና በወዝ ይለሰልሳል፤ እጅ ይይዛል። ፈጣን ዘፈን ላይ እጅ ከተያዘ ደግሞ ጨዋታው አበቃ። የግድ ካላችሁ 2ኬ ብቻ፣ እሱም የማያብረቀርቀው ዓይነት።

አምስቱን ቁልፎችም ተዉዋቸው። ቀለም ወፍራም ባይመስልም ቁልፉ ከቤቱ ጋር ያለው ክፍተት ጠባብ ነው። በክር ፈንታ ወደ ላይና ወደ ታች የምትመቱት ባርም እንዲሁ፤ ቀለሙ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተልጦ የድሮው ፕላስቲክ ይታያል። ዋሚ ባሩን፣ ድምፁን የሚያወዛውዘውን ዘንግ ግን ቀቡት፣ ያምራል።

ስትጨርሱ ለመገጣጠም አትቸኩሉ። አፍንጫችሁን አስጠጉ፤ የቀለም ሽታ ካለው አልደረቀም። ከደረቀ በኋላ ሽቦውን መልሳችሁ ሁለት ብሎን ብቻ አስሩ። ሰክታችሁ አምስቱን ቁልፎች፣ ባሩን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ዋሚውን ሞክሩ። ሁሉም ከሠራ የቀረውን እሰሩ። ለመጀመሪያው ወር ጊታሩን ጎማ ባለው ስታንድ ላይ አታቁሙት፤ በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥም አታስቀምጡት። ገና ያልጠነከረ ቀለም የጎማውን ቅርጽ ይቀዳል። ግድግዳ ላይ በጨርቅ በተጠቀለለ ማንጠልጠያ ስቀሉት።